ጸጋ፣ ውለታ እና ዕዳ

በማኅበራችን ወርኃዊ የቡና መርሐ ግብር ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



እንደምታውቁት በዚህ ቡና ላይ የሚናገር ሰው ርእሱን አይመርጥም። ቃላት በትንንሽ ወረቀት ተጽፈው፣ ተጠቅልለው ስኒ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ እንደ እቁብ ዕጣ ይወጣል። ባለፈው ወር ‘ትዕግሥት’ ለዳቦ ጋጋሪዎቹ ቡድን ደረሰ። ከዚያ በፊት ‘ጎረቤት’ ነበር። የእኛ ተራ ሲደርስ ‘ቁጠባ’ ወይም ‘ታማኝነት’ ይወጣልናል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ስለ ቁጠባ ተኝተንም እንናገራለን። ወረቀቱን ስንፈታው ግን ‘ጸጋ’ ይላል። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ለምን እንደሳቃችሁም እናውቃለን።

ለአዲስ አባላትና ለለጋሾቻችን ምክንያቱን እንንገር። በሂሳብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነን፤ አንዷ ሂሳብ ሠራተኛ፣ አንዷ ገንዘብ ያዥ። ‘እኛ’ እያልን የምንናገረው ለክብር አይደለም፤ ሥራውም ስሕተቱም የጋራ ስለሆነ ነው። ገንዘብ ያዣችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያኗ ቀርታ አታውቅም። ሂሳብ ሠራተኛዋ ግን ከየትኛውም ደጅ የለችም። ስብሰባ ሲከፈት ሁላችሁም በየእምነታችሁ ስትጸልዩና ዱዓ ስታደርጉ እሷ ጣራውን ታያለች። የዚህ አዳራሽ ቆርቆሮ በስንት ሚስማር እንደተመታ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የሌለው ለዚህ ነው።

በዚህ አዳራሽ እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም እንዳሉ እናውቃለን። ሰው እንዳይታዘባቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያልፋሉ። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ኦርቶዶክስ ቢሆን፣ ሙስሊም ቢሆን፣ ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ቢሆን ማንም አይገረምም፤ ከአንድ ግቢ ሁሉም ይገኛል። ‘ምንም አይደለሁም’ የሚል ሲመጣ ግን ‘ምን ነካት?’ ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ‘እኛ ሃይማኖት የሌለን’ ስንል ለእነዚያም ጭምር ነው። ገንዘብ ያዣችን ለአንድ ከሰዓት በኋላ በዚህ ‘እኛ’ ውስጥ ለመግባት ፈቅዳለች። ‘ጽሑፉን አብሬ አነባለሁ እንጂ እምነቴን አልተውም’ ብላ።

ይህን ቃል የጣልንበትን ጊዜ በትክክል እናስታውሰዋለን። ሐምሌ 1998 ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊቱን ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ዝናቡ የዘነበው ከላይ ከደጋው ነው፤ ውኃው የደረሰው ግን ቆላ ላይ፣ ሰው በተኛበት። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። ያን ጊዜ ገና ተማሪዎች ነበርን። ቤታችን ከወንዙ ራቅ ያለ ስለነበር ምንም አልነካንም። ከጥቂት ቀን በኋላ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት ደግ ሴት ‘እግዚአብሔር በጸጋው ጠበቀን’ አሉ። አጠገባቸው ልጆቿን ውኃ የወሰደባት እናት ተቀምጣ ነበር። ቀና አላለችም።

‘የእሷን ልጆች ያልጠበቀው ታዲያ ለምንድን ነው?’ ብለን ጠየቅን። ጮክ ብለን አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ጮክ ብሎ አይጠየቅም። ሴትየዋን ለመውቀስም አይደለም፤ የፈራ ሰው በእጁ ያለውን ቃል ይጨብጣል። እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጋ ማለት በዕጣ ተርፎ ለመትረፉ ምክንያት መፈለግ መሰለን። ከአፋችን አወጣነው። ቀስ በቀስ ሌላውም ተከተለ።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር እየተደረገ ነበር፤ አላስተዋልነውም። እናታችን ቤቷን ጎርፍ የወሰደባትን አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር አምጥታ አስገባች። አናውቃቸውም። አራት ወር ተቀመጡ። አልጋችንን ለቀቅን፤ መሬት ተኛን፤ አጉረመረምን። እንግዶቻችን የሚጸልዩት እኛ በማናውቀው አቅጣጫ ስለነበር እናታችን ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርጋ ለመስገጃቸው ቦታ አበጀች። ‘እስከ መቼ ነው?’ ስንላት ‘ታዲያ ሰው አይደሉም?’ ነበር መልሷ። ጸጋ ብሎ የጠራው አልነበረም። ወደዚህ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ቃሉ። በአማርኛ ‘ባለጸጋ’ ሲባል ብር ያለው ሰው ማለት ነው፤ ሂሳብ ሠራተኛ ቃሉን በዚህ በኩል ታውቀዋለች። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ በሌላ በኩል ታውቀዋለች፤ ለእሷ ጸጋ ሰው ሠርቶ ያላገኘው፣ ሊከፍለውም የማይችለው ስጦታ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት 4ኛው ምዕራፍ ላይ ደመወዝንና ጸጋን ለያይቶ እንደሚያስቀምጣቸው አሳየችን፤ ሠርተህ የተከፈለህ ተገቢ ክፍያህ ነው፣ ጸጋ አይባልም። ይህን ስናነብ የሙያ ወንድም ያገኘን ያህል ደስ አለን። ሁለት የተለያየ ዓምድ ነው፤ ግልጽ ነው። ሙስሊም እህቶቻችንን ስንጠይቅ ‘ኒዕማ’ አሉን፣ ‘ረሕመት’ አሉን። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ‘አያና’ አሉን፤ ቃሉ ለበዓልም፣ ለመንፈስም፣ ለጸጋም ይሆናል። በሦስት ቋንቋ ተጠይቆ በሦስቱም ከላይ የሚመጣ ነገር ሆነ። እኛ ደግሞ ላይ ማንም የለም ብለን የምናስብ ሰዎች ነን።

እንዲያውም የረዳን ሌላ ቃል ነው፤ ውለታ።

ውለታ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ሰው ደግ ነገር ያደርግልሃል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ‘ውለታ አለብኝ’ ትላለህ። ‘ዕዳ አለብኝ’ በምንልበት በዚያው አነጋገር። የመለሰ ሰው ይመሰገናል፤ ያልመለሰ ‘ውለታ ቢስ’ ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ስድብም ብዙ የለንም። ሠርግ ላይ ማን ስንት እንደሰጠ በደብተር የሚያዝበት ቤት አለ፤ ከዓመታት በኋላ የሰጪው ልጅ ሲዳር ያ ደብተር ይገለጣል። ማርሴል ሞስ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ባወጣው ጥናት ስጦታ በብዙ ሕዝብ ዘንድ መስጠትን፣ መቀበልንና መመለስን እንደሚያስገድድ አሳይቷል። እናቶቻችን ሳያነቡት ያውቁታል።

ውለታን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምንለው። እድራችንም የሐረሪዎቹ አፎቻም የቆሙት በዚህ ነው፤ ዛሬ እኔ እቀብርልሃለሁ፣ ነገ አንተ ትቀብርልኛለህ። እድር ጸጋ አይደለም፤ ባይሆንም ይሻላል። ቀብርን የሚያህል ነገር በሰው ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ መዋጮ አለ፣ መዝገብ አለ፣ የቀረ ይቀጣል።

የመንግሥታት የዕዳ ምሕረትም ከጸጋ ጋር ይምታታል። በሚያዝያ 1996 ኢትዮጵያ ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የተዘጋጀውን የዓለም ባንክና የአይኤምኤፍ መርሐ ግብር አጠናቃ ዕዳዋ በብዙ ተቀነሰላት። በሬዲዮ ‘ዕዳ ተማረልን’ ሲባል ሰዎች እልል አሉ። ኮሌጅ ገብተን ስንማረው ግን መጀመሪያ የሚሟሉ ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩ፤ ሲሟሉ ተቀነሰ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ውል ነው።

ለጋሾቻችን አትቀየሙን፤ የእናንተም ገንዘብ በመዝገባችን ጸጋ ተብሎ አይገባም። ስምምነት አለው፣ የበጀት መስመር አለው፣ በየ3 ወሩ ሪፖርት አለው። ለልብስ ስፌት ማሽን ከመጣው ብር ለቡና ስኳር ብንገዛ ኦዲተር ይይዘናል፤ ሊይዘንም ይገባል። እንዲህ መሆኑ ለሁላችንም ክብር ነው። አንገታችንን ደፍተን ከምናመሰግናችሁ ቀና ብለን ትክክለኛ ሪፖርት ብንሰጣችሁ ይሻላል፤ እናንተም ይህን የምትመርጡ ይመስለናል።

ጸጋ እንግዲህ ደመወዝ አይደለም፣ ውለታ አይደለም፣ ውልም አይደለም። ምን እንደሆነ ያወቅነው በ1,250 ብር ነው። ነገሩን አንዳንዶቻችሁ ትሰሙታላችሁ፤ በሙሉ ግን ተነግሮ አያውቅም።

አንዲት አባላችን ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዳ ስሟን እንዳንጠራ ስለነገረችን አዴ እንበላት። በጽሑፍ ‘እሳቸው’ ማለት ነበረብን። ግን የድሬ ሰው አንቱታ አይሆንለትም፤ አዴም ‘እሳቸው’ ተብላ ብታነብ ‘ማን ሞተ?’ ትላለች።

አዴ ከማኅበሩ 15,000 ብር ተበድራ በየወሩ 1,250 ብር ትመልስ ነበር። የ8ኛው ወር ክፍያዋ በሌላ አባል ሌጀር ላይ ተመዘገበ። የሁለቱ ስም እስከ አባት አንድ ነው፤ ሞክሼዎች ናቸው። የአባልነት ቁጥሩን ማየት ነበረብን፤ አላየንም። ‘ታዲያ ወር ሲዘጋ አይታወቅም ወይ?’ ትሉ ይሆናል። አይታወቅም። ብሩ ገብቷል። በካዝና ያለው ከደረሰኙ ጋር ይስማማል። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው። ትሪያል ባላንሱ ያለ አንዲት ሳንቲም ጉድለት ይዘጋል። በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ትክክለኛ ቁጥር ድምሩን አይነካውም። ይህን ኮሌጅ ተምረነዋል፤ ለፈተናም በትክክል መልሰነዋል። ሥራ ላይ ሲመጣ ግን ሚዛኑ እኩል ስለሆነ ብቻ እውነት ከእኛ ጋር ያለ መሰለን።

አዴ ‘ከፍያለሁ’ አለች። ደረሰኝ ጠየቅናት። ጠፍቷል። ‘ከመጠቅለያ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ ሳምቡሳ ጠቅልዬበት ይሆናል’ ስትል ፈገግ አልን። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረን ከሁሉ በላይ ያ ፈገግታ ነው። የደረሰኙን ቀሪ ገልብጠን ነበር፤ ስም ብቻ ስለተጻፈበት ‘የሌላዋ ነው’ ብለን አለፍነው።

ቀጥሎ ጠቅላላ ጉባኤ መጣ። በዚያን ጊዜ ያልከፈሉ አባላት ስም በጉባኤ ይነበብ ነበር። ያነበብነው እኛው ነን፤ በድምፅ ማጉያ። ዋሶቿ ቤቷ ድረስ ሄዱ። ለረመዳን የጠየቀችው ሁለተኛ ብድር ታገደ። ድሬዳዋ ውስጥ ረመዳን ለሳምቡሳ ሻጭ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም፤ ለለጋሾቻችን ግን፣ የዓመቱ ገበያ ማለት ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ዘይት ይሸታል፤ ለማፍጠሪያ የሚገዛው ሰው ይሰለፋል። ያን ዓመት አዴ በግማሽ ዱቄትና በግማሽ ዘይት ሠራች። 1,250 ብሩንም ደግማ ከፈለች። የእጅ አምባሯን ሸጣ መሆኑን የሰማነው ኋላ ነው።

ስሕተቱን ያገኘነው እኛ አይደለንም። ከ7 ወር በኋላ ሞክሼዋ የራሷን ብድር ልትዘጋ መጣች። የቀረባትን ስንነግራት ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችና ‘እኔ ያልከፈልኩት አንድ ወር ተከፍሎልኛል’ አለች። ዝም ብትል ማንም የሚያውቅባት አልነበረም። ስለ እሷም ለብቻው መናገር ይገባ ነበር፤ ሌላ ዕጣ ሲደርሰን ይሁን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ወደ አዴ ቤት ሄድን፤ ሁለታችንም። በእጃችን ሁለት ፖስታ ይዘናል። በአንዱ 1,250 ብር አለ፤ ይህ የማኅበሩ ነው፣ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ አጽድቆታል። በሌላው 6,000 ብር አለ፤ ይህ ከደመወዛችን ነው። 6,000 የሚለውን ከየት አመጣነው? ሠራነዋ። የ30 ቀን የሽያጭ ግምት፣ ሲቀነስ የጥሬ ዕቃ ወጪ፣ ሲቀነስ በግማሽ ሠርታ ያገኘችው። ስሌቱን በኮምፒውተር ጽፈን፣ አትመን፣ ከብሩ ጋር አያይዘነዋል። ሂሳብ ሠራተኛ ሲያፍር እንዲህ ነው የሚያደርገው።

አዴ የመጀመሪያውን ፖስታ ቆጥራ ተቀበለች፤ ደረሰኛችን ላይም ፈረመች። ‘የዚህን ቅጂ አልጥለውም’ አለች። ሁለተኛውን ስንሰጣት ስሌቱን ለልጇ አቀብላ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረገች። ልጁ አነበበ። አዴ ሳቀች።

‘ይኼን ያህል አተርፍ ነበር? ማን ነገራችሁ?’

‘ገምተን ነው፣ አዴ።’

‘ስሙኝ ልጆቼ። አንድ ወር ሙሉ ረግሜያችኋለሁ፤ ስማችሁን እየጠራሁ። ከዚያ የረመዳን ሃያ ሰባተኛው ሌሊት ተውኩት። ለአላህ ብዬ ተውኩት። አሁን ይኼን ብቀበል፣ ያኔ የተውኩት ምን ሊሆን ነው?’

‘ያኔ እኮ ስሕተቱ የእኛ መሆኑን አታውቂም ነበር።’

‘መክፈሌን አውቅ ነበር። ሌላ ምን ልወቅ?’

ፖስታውን በእጃችን መለሰች። ስንወጣ ሳምቡሳ ጠቅልላ ሰጠችን። መንገድ ላይ መጠቅለያውን ገልብጠን አየነው፤ ደረሰኝ አልነበረም።

ገንዘብ ያዣችንን ይህ ነገር አላስቸገራትም። ‘ይኸው፣ ጸጋ ማለት ይህ ነው’ አለችና ተኛች። እኛ ሃይማኖት የሌለን ግን እንቅልፍ አጣን። መጀመሪያ ያስቸገረን ‘ለአላህ ብዬ’ ማለቷ ነው። ለእኛ ብላ አይደለም። እኛ በማናምነው ስም የተተወልን ነገር የእኛ ይሆናል ወይ? ለሌላ ሰው የተላከ ዕቃ በስሕተት እኛ ቤት የደረሰ ያህል ተሰማን። የቆየ ጥያቄያችንም ተቀሰቀሰ፤ ደቻቱ ሲሞላ ዝም ያለው በምን ሂሳብ አሁን ለእኛ ስሕተት ይመጣል?

ቆይተን ግን ሌላ ነገር ታየን። ለእኛ ብላ ብትተወው ኖሮ ውለታ ይሆን ነበር። ባየናት ቁጥር አንገታችንን እንደፋለን፤ ሳይርበን ሳምቡሳ እንገዛለን፤ ብድር ስትጠይቅ ከወረፋ እናስቀድማታለን፤ ይህ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ለሌላ ብላ ስለተወችው ግን በእኛ ላይ ምንም አልጻፈችም። ከእኛ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ምስጋናም አትጠብቅም። በቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 280 ላይ ባለዕዳ ከተቸገረ እስኪሻለው ጊዜ እንዲሰጠው፣ ቢተዉለት ደግሞ የበለጠ መልካም መሆኑ ተነግሯል፤ አዴ ይህን ከእኛ በላይ ታውቃለች። ነገር ግን እኛ የተቸገርን ባለዕዳዎች አልነበርንም። 6,000 ብሩ በእጃችን ነበር። ከታዘዘው አልፋ ሄዳለች።

እንግዲህ ላይ ማንም የለም ብሎ ለሚያስብ ሰው ጸጋ ምን ሊሆን ይችላል? እንደ እኛ የማያምኑ አንዳንድ ሰዎች ‘ጸጋ ማለት ፀሐይ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሳንከፍል የምናገኘው ሁሉ ነው’ ይላሉ። ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ስለ ፀሐይ ጸጋነት የሚናገር ሰው ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ስለ ውኃ ቢሉን ይሻላል። የከተማችን ሰው ለረጅም ጊዜ የጠጣው ከዚሁ ከሳቢያን ጉድጓዶች የተቀዳ ነው፤ ከደጋው የሚዘንበው ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ ከእግራችን ሥር ይደርሳል። ማናችንም ለዚያ ዝናብ አልሠራንም። ደስ ይላል፤ ምስጋናም ይገባዋል ብንል አናፍርም። ግን ያው ደጋ ነው በ1998 ጎርፉን የላከው። ዝናብ ማንንም ለይቶ አያጠጣም፣ ማንንም ለይቶ አይወስድም። ምንም የሚተወው ነገር የለውም።

አዴ የምትተወው ነገር ነበራት። መጠየቅ ትችል ነበር፤ የምትጠይቀውም የራሷ ነበር። እያወቀች ተወችው። ከዚያ ደግሞ መተዋን ራሱን ተወችው፤ እኛ ሄደን ባንቀሰቅሰው ኖሮ አናውቅም ነበር። ለእኛ ጸጋ የሚለው ቃል ተመልሶ የገባው በዚህ በር ነው። ለአዴ ከላይ ይመጣል። እኛ እስከ አዴ እጅ ድረስ ነው የምናየው፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው ከእሷ ጋር አንከራከርም፤ የራሳችን የሆነ የተሻለ ታሪክ የለንም።

እናታችንም ትዝ አለችን፤ ቁም ሣጥኑን ስትገፋ። ያን ሰሞን ጸጋን የፈለግነው ማን ተረፈ ማን ሞተ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ እዚያ አልነበረም። ሦስት እንግዶቻችን በአራተኛው ወር ተከራይተው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠየቁን፤ ከዚያም ጠፉ። እናታችን አንድም ቀን ‘እንዲህ አድርጌላቸው ጠፉ’ ስትል አልሰማንም። የዚያ የአራት ወር ወጪ የት ተጻፈ? የትም።

መቀበሉ ግን ከባድ ነው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ንግግሩ ውሸት ይሆናል። ያን የ6,000 ብር ፖስታ ያዘጋጀነው ለአዴ አልነበረም፤ ለራሳችን ነበር። ሂሳቡን ዘግተን እንቅልፍ ልንገዛበት ነው። ስትመልሰው ተናደድን፤ በእውነት ተናደድን። ብር የማይቀበል ሰው ፊት ምን ይዘህ ትቆማለህ? ለሳምንታት ሌላ መንገድ ፈለግን፤ ለልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳ እንግዛ ተባባልን፤ ገንዘብ ያዣችን ‘ተይ፣ ይህም ያው ፖስታ ነው’ ብላ አስቆመችን። ብሩ ተመልሶ ወደ የኪሳችን ገባ፤ የቤት ኪራይ ተከፈለበት።

አሠራራችን ተለውጧል። አሁን ደረሰኝ ላይ ከስም በፊት የአባልነት ቁጥር ይጻፋል። በየወሩ መጨረሻ እያንዳንዷ አባል የራሷን ሌጀር አይታ ትፈርማለች። ያልከፈለች ሰው ለብቻዋ ተጠርታ ትጠየቃለች እንጂ ስሟ በጉባኤ አይነበብም። ይህ ለአዴ የተከፈለ እንዳይመስላችሁ። ቀድሞም መሆን የነበረበት ነው።

አሁን ደግሞ በፊታችን ሌላ ነገር አለ፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ስለሚነሳ ከወዲሁ ብናነሳው ይሻላል። ከሁለት ዓመት በፊት 9,000 ብር ዕዳ እያለባት ሳትናገር ከከተማ የወጣችውን አባል ታስታውሳላችሁ። ተመልሳለች፤ ወደ ማኅበሩም መመለስ ትፈልጋለች። የእኛን ርእስ የሰማች አንዲት የኮሚቴ አባል ‘እንግዲያውስ ጸጋ አድርጉላት፣ ይሰረዝላት’ አለችን።

አንችልም። ክፉ ስለሆንን አይደለም። 9,000 ብሩን ለማኅበሩ የከፈሉት ሦስት ዋሶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 3,000 ብር። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያ ብድር ተዘግቷል። ዕዳዋ አሁን ለእነሱ ነው። አንዷ ያን ብር ለመክፈል የልጇን ትምህርት አቋርጣለች። ጉባኤው እጅ አውጥቶ የእነዚህን ሴቶች ገንዘብ ቢተው ያ ጸጋ አይደለም፤ በሰው ኪስ ደግ መሆን ነው። ‘ተዉላት’ ብለን መለመንም አይገባንም። በጉባኤ ፊት ተጠይቆ የሚሰጥ ጸጋ ግብር ይሆናል፤ እምቢ ያለችዋ ክፉ ተብላ ትወጣለች፤ እሺ ያለችዋም በልቧ ትጽፈዋለች።

ማኅበሩ የራሱ የሆነ የሚተወው ነገር አለው። የመዘግየት ቅጣቱ 900 ብር የማኅበሩ ነው፤ ጉባኤው ከፈለገ ሊተወው ይችላል፤ መተዳደሪያ ደንቡም ይፈቅዳል። ብድር ዳግም ለማግኘት እንደ ማንኛዋም አዲስ አባል 6 ወር ትቆጥባለች፤ በዚህ በኩል ጸጋ የለም፣ ሥራችን ነው። ሌላውም አለ፤ ወንበሩ፣ ስኒው፣ ስትገባ ዝም የሚለው አዳራሽ። ያ የማንም ገንዘብ አይደለም። እኛ በበኩላችን የት እንደነበረች አንጠይቃትም።

ከሦስቱ ዋሶች አንዷ ባለፈው ሳምንት ወደ ጠረጴዛችን መጣች። ይህን ለእናንተ እንድንናገር ፈቅዳለች፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አንናገርም። ቆማ የቁጠባ ደብተሯን ስታገላብጥ ቆየችና ‘የኔን 3,000 ብተወው በምን ትጽፉታላችሁ?’ አለች። ‘እኛ ጋ የሚጻፍ ነገር የለም፤ መዝገቡ ተዘግቷል። አንቺና እሷ ብቻ ናችሁ የምታውቁት’ አልናት። ‘እሷስ ባታውቅ?’ አለች። ‘ያኔ አንቺ ብቻ።’

‘እሺ’ አለች። የሳምንቷን 50 ብር ከፍላ፣ ደረሰኟን ተቀብላ፣ ቁጥሩን አይታ ሄደች።

ጉባኤው የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።